ከደብረ ገነት እስከ ዴር ሱልጣን በእግር

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ዘንድሮ እግዚአብሔር ከፈቀደ እናቴን ይዤ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ልሄድ ነው። ከተሳላሚዎቹ ጋር የምንቀላቀለው በሆሣዕና ዋዜማ ስለሆነ ሐሙስና አርብ የራሳችን ናቸው። እናቴ «ዴር ሱልጣንን አሳዪኝ» ነው የምትለው፣ ሌላ አትልም። እኔ ደግሞ ከተማዋ ለሁለት ተከፍላ ነበር ሲባል እሰማለሁ። የት ጋ ነው የተከፈለችው? ድንበሩ ያ ግንብ ነው እንዴ? ዛሬ የሚታይ ነገርስ አለ? እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ሁለታችንንም ደስ የሚያሰኝ መንገድ ካለ ንገሩኝ። (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ አለ። ደግሞ ለሁለታችሁም አንድ መንገድ ነው።

መጀመሪያ ግንቡን እንለየው፣ ብዙ ሰው ይምታታበታል። አሮጌዋን ከተማ የከበበውን የድንጋይ ግንብ ያሠራው የኦቶማኑ ሱልጣን ሱሌይማን ነው፣ በ1530ዎቹ መጨረሻ ገደማ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዙሪያው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማዋን የከፈላት ግን የ1948ቱ ጦርነት ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ የእስራኤሉ አዛዥ ሞሼ ዳያንና የዮርዳኖሱ አዛዥ አብዱላህ አል ተል ካርታ ዘርግተው፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቀለም ጦራቸው የቆመበትን አሰመሩ። ካርታው 1 ለ20,000 ነበር። እስቲ አስቢው፣ እርሳሱ ወፍራም ነበርና 3 ሚሊ ሜትር ጭረት መሬት ላይ ሲወርድ 60 ሜትር ይሆናል። የሰው ቤት፣ ጓሮና መንገድ ጭረቱ ሥር ገባ። በሁለቱ ጭረቶች መካከል የቀረው ደግሞ የማንም ያልሆነ መሬት ሆነ፣ ሽቦና ፈንጂ የሞላበት። 19 ዓመት እንዲህ ቆየ። በ1967ቱ ጦርነት እስራኤል ምሥራቁን ክፍል ያዘች፣ ሽቦውም ተነሳ፤ የከተማዋ ጉዳይ ግን ዛሬም አልተቋጨም። ከከተማው ዳር የምታዪው የኮንክሪት ግድግዳ ሌላ ነው፣ እሱ ከ2000ዎቹ ወዲህ የመጣ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በእነዚያ 19 ዓመታት ዴር ሱልጣን በዮርዳኖስ በኩል ቀረ፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በእስራኤል በኩል። ሁለቱም የኢትዮጵያ ገዳማት፣ የእኛው አባቶች ቤት ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ በእግር 20 ደቂቃ ገደማ ነው! የመተላለፊያው በር ማንደልባውም የሚባለው ኬላ ነበር፣ ዲፕሎማቱም የተባበሩት መንግሥታት ሰውም ካህኑም ተሳላሚውም ወረቀቱን እያሳየ የሚያልፍበት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ስለዚህ ያንን 20 ደቂቃ ከእናትሽ ጋር በእግር ሂጂው።

ሐሙስ በጠዋት ከኢትዮጵያ ጎዳና ጀምሩ። ጠባብ መንገድ ናት፣ ሁለቱም ወገን የድንጋይ አጥር። ከበሩ በላይ የተቀረጸውን አንበሳ ስታዪ መድረሳችሁን ታውቂያለሽ። ደብረ ገነትን ዐፄ ዮሐንስ አስጀምረውት በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 ተጠናቀቀ። እንደ አገር ቤቱ ክብ ነው። እናትሽ እዚህ ጸሎታቸውን ያድርሱ፣ አታጣድፊያቸው።

ከዚያ ወደ ነቢያት መንገድ ውጡና ቁልቁል ውረዱ። ቁልቁለት መሆኑ ለጉልበታቸው የተሻለ ነው፣ ከታች ወደ ላይ ግን አልመክርም። መንገድ ላይ በሞዛይክ ያጌጠ፣ አንበሳ ያለበት ሕንፃ ታገኛላችሁ። በንግሥት ዘውዲቱ ጊዜ የተሠራ የኢትዮጵያ ቤት ነው። መንገዱ ሲያልቅ ባቡር የሚያልፍበት ሰፊ ጎዳና አለ፣ ከማዶው የደማስቆ በር። እዚህ ጋ ቁሚ። የጠየቅሽኝ መስመር እዚህ ነው ያለፈው። አሁን የቀላል ባቡሩ ፌርማታ አለበት፣ ሰው እቃውን ይዞ ይሳፈራል። ምልክት ፈልጌ ዙሪያውን አይቼ ያጣሁት እኔ ራሴ ነኝ፣ በኋላ ነው ስፋቱ ራሱ ምልክት መሆኑ የገባኝ።

በደማስቆ በር ገብታችሁ ኻን አል ዘይት በሚባለው ገበያ ቀጥ በሉ። ድንጋዩ በብዙ እግር ተልጧል፣ ያንሸራትታል፤ ክንዳቸውን ያዢ። በስተቀኝ ሰፊ ደረጃ ታገኛላችሁ። እሱን ወጥታችሁ መንገዱን እስከ መጨረሻው ስትከተሉ ከኮፕቶቹ (ከግብፅ ኦርቶዶክሶች) በር በስተግራ ሌላ በር አለ። በዚያ ስትገቡ ዴር ሱልጣን ናችሁ።

ጣሪያ ላይ ነው። እናትሽ ከሥራቸው የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ንገሪያቸው። መሐል ላይ ያለችው ትንሽ ጉልላት ከታች ላለው ለቅድስት ዕሌኒ ቤተ ጸሎት ብርሃን ታስገባለች። ዙሪያዋን የመነኮሳቱ ጎጆዎች ናቸው፣ በራቸው አረንጓዴ፣ ዝቅ ያለ፣ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት። እኔ የሄድኩ ቀን አንድ አባት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ቀና ብለው «ከአገር ቤት ነሽ?» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም፣ እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ከጣሪያው ወደ ጎልጎታ ደጅ የሚያወርደው በሁለቱ ቤተ ጸሎቶቻችን ውስጥ ነው፣ ከላይ አርባዕቱ እንስሳ፣ ከታች ቅዱስ ሚካኤል። ይህ ነው ከኮፕቶቹ ጋር ብዙ ዘመን የሚያከራክረን፣ በ1970 የፋሲካ ሌሊት ቁልፉ የተቀየረበት። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። እናትሽ ካቃታቸው በመጡበት ይመለሱ፣ በገበያው ዞራችሁም ትደርሳላችሁ።

አርብ እሳቸው ይረፉ፣ አንቺ ብቻሽን ውጪ። የጽዮን በርን ሂጂና ድንጋዩን እዪ፣ የ1948 ጥይት ቀዳዳዎች ዛሬም አሉ። አርብ እኩለ ቀን ላይ ደማስቆ በር አትሂጂ፣ ወደ አል አቅሳ የሚሄደው ሰጋጅ ይበዛል። ባቡሩም አርብ ሳይመሽ ይቆማል፣ እስከ ቅዳሜ ማታ አይሠራም። ይህን አትርሺ።

ሐሙስ ስትመለሱ ግን ባቡሩን ያዙ፣ ዳገቱን በእግር እንዳትሞክሩት። ከመሳፈራችሁ በፊት ደማስቆ በር ላይ በጋሪ የሚሸጠውን ረጅም ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ ግዢላቸው። ጾም ስለሆነ ወተት እንዳለበት ጠይቂ፣ ከሌለበት ደረጃው ላይ ተቀምጣችሁ ብሉት።