ጫጩት ሌሊት ሌሊት ሲሞት

ጥያቄ፦ «25 የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቼ በሳምንቱ 9 ሞተውብኛል። ማታ ደህና የነበሩት ጠዋት ጥግ ላይ ሞተው ይገኛሉ። ግቢ ያሉት ትልልቅ ዶሮዎች ምንም አልሆኑም። ጎረቤቴ ፈንግል ነው ትላለች። ምን መድኃኒት ልግዛ? ያሉት ሲሚንቶ ቤት ነው፤ ማታ ከሰል አስገባላቸዋለሁ።» ከአዘዞ፣ ጎንደር

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘብዎን ይያዙ። ፈንግል ዶሮ የሚፈጅ ተላላፊ በሽታ ነው፤ እሱ ቢሆን፣ ካልተከተቡ፣ ትልልቆቹንም አይምርም ነበር፤ ቀን ከሌሊትም አይመርጥም። ሌሊት ብቻ፣ ያውም ጥግ ላይ ከሆነ በአብዛኛው ብርድ ነው። ሲበርዳቸው ይደራረባሉ፤ ከሥር ያለው ታፍኖ ይሞታል። ጫጩት ላባ እስክታወጣ ድረስ እንደ እንሽላሊት ናት፤ ሙቀቷን ከውጭ ትፈልጋለች። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ያስፈልጋታል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። በታኅሣሥ ሌሊት የእኛ አገር ሲሚንቶ ደግሞ በረዶ ነው።

ከሰሉን ግን ዛሬውኑ ያውጡ። በየሄድኩበት ቤት የማየው ነገር ነው፤ በር ተዘግቶ፣ ከሰል ተቀጣጥሎ፣ አንዳንዴም ልጆች እዚያው ተኝተው! ጭሱ ባይታይም ጋዙ ጫጩትም ሰውም ይገድላል። ደግሞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አመድ ሆኖ ይቀራል፤ ብርዱ የሚጠነክረው ከዚያ በኋላ ነው።

ይልቅ ሁለት ካርቶን ይፈልጉ። ትንሹ ወርዱም ርዝመቱም አንድ ክንድ ቢሆን ለቀሩት 16 ይበቃል። ይስፋ ብለው አያስቡ፤ ሰፊ ሳጥን በእነሱ ገላ ሙቀት አይሞቅም። ትልቁ ካርቶን ውስጥ ከሥር ጭድ ጠቅጥቀው ትንሹን ያስቀምጡበት። በዙሪያው ያለውን አራት ጣት ያህል ክፍተትም በጭድ ይሙሉት። ጭዱ ደረቅ ይሁን፤ የሻገተ ከሆነ ሳንባቸውን ይይዛል። ውስጡንም ጭድ ያንጥፉ። ለክዳኑ ጆንያ በጭድ ሞልተው እንደ ትራስ ይስፉት። ከላይ በኩል ሁለቱንም ካርቶን አሳልፈው አምስት ስድስት ቀዳዳ ይብሱ፤ ጭዱ እንዳይደፍናቸው ጠንካራ ቱቦ ነገር ቢሰኩባቸው ይሻላል።

እስከ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ሙቅ ውሃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን በጨርቅ ጠቅልለው በአንድ ጎን ያስገቡ። ጄሪካኑ ቦታ ስለሚወስድ ያኔ ሳጥኑን ትንሽ ረዘም ያድርጉት። የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፤ ትንሽ ይብረድ። ሌሊት አንዴ ተነስተው ይቀይሩት። መብራት ቢጠፋም ግድ የለዎትም።

ቀን አውጥተው ፀሐይ ያሙቋቸው፤ መኖና ውሃውም ውጭ ይሁን፤ ሳጥኑ ውስጥ ውሃ አይግባ። የረጠበውን ጭድ በየጠዋቱ ይቀይሩ። ማታ ጆሮዎን ጣል ያድርጉ፦ ጮክ ብለው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ወይም ክዳኑ ካላበው ጆንያውን ገለጥ ያድርጉት።

የፈንግል ክትባታቸውን አያስቀሩ። ሳጥን ከገቡ በኋላም የሚሞት ካለ ግን ሬሳውን ሳይውል ሳያድር ይዘው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይሂዱ።