አሪቲው ነሐሴ ላይ ለምን ጠቆረ?

ጥያቄ፦ አጥሩ ሥር ሦስት እግር አሪቲ ተክያለሁ። እስከ ሰኔ ቅጠሉ ብር መስሎ ደስ ሲል ነበር፤ ነሐሴ ላይ መሐሉ ጠቆረ፣ የተረፈውም አረንጓዴ ሆኖ ተንጋደደ። ፍግም ጨምሬለት ነበር። ምን በደልኩት? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ፍጉ ነው በደሉ፤ ውሃው ደግሞ አገዘው። ቅጠሉን ጠጋ ብለው ይዩት፤ ራሱ አረንጓዴ ነው፣ ብር ያስመሰለው ላዩን የሸፈነው ደቃቅ ፀጉር ነው። በእርጥብ ጣት ቢያሹት አረንጓዴው ብቅ ይላል። ፀጉሩ ፀሐይ እየመለሰ እርጥበት ይቆጥባል። ፍግና ጥላ ሲበዛበት ግን ቅጠሉ ይሰፋል፣ ፀጉሩ ይሳሳል፣ ግንዱ ይልፈሰፈሳል። ክረምት ላይ ያው ፀጉር ዝናቡን ይዞ አልደርቅ ይላል፤ ከሥር መረሬው (ጥቁሩ የሸክላ አፈር) ውሃ ስለሚያቁር መሐሉ ይበሰብሳል።

መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ነቅለው ይክፈሉት። ዳር ዳሩን፣ ጤነኛ ሥር ያለውን ያስቀሩ፤ መሐሉን ይጣሉት። ፀሐይ የማይለየው ቦታ ላይ መደቡን 30 ሳ.ሜ. ከፍ ያድርጉ፤ የእነዋሪ ገበሬ መረሬው ላይ ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ ውሃውን በቦይ እንደሚያስወጣው ማለት ነው። አፈሩን ከሸካራ አሸዋ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቅሉ። ጥቂት አሸዋ ብቻ ጣል ማድረግ አይረባም፣ መረሬው ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠጥራል። በ50 ሳ.ሜ. ርቀት ተክለው አንገቱ ዙሪያ ጠጠር ያልብሱት። ፍግ የለም።

መስከረምን አያሳልፉ፤ ሥር ሳይሰድ ውርጭ ከደረሰበት አይተርፍም። ጥቅምት ላይ መከርከምም ስሕተት ነው፣ ለጋውን ቡቃያ ውርጩ ያቃጥለዋል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሲሶውን ቢያሳጥሩት ክረምቱን መሐሉ አየር ያገኛል።

ጥያቄ፦ ላቬንደሬ ግንዱ እንጨት ሆነ። ከሥሩ ብቆርጠው ያቆጠቁጣል? (ከአንኮበር)

መልስ፦ አሪቲ ቢሆን አዎ እንልዎ ነበር። ላቬንደር ግን ቅጠል ከሌለው አሮጌ ግንድ እምብዛም አያቆጠቁጥም፤ ቢተኩት ይሻላል። ካላበበ ቅርንጫፍ ጫፉን 10 ሳ.ሜ. ቆርጠው የታችኛውን ግማሽ ቅጠል ያራግፉ፤ አሸዋ በበዛበት አፈር፣ ቀለል ያለ ጥላ ሥር ይሰኩት። ላስቲክ አያልብሱት፣ ፀጉራም ቅጠል ሲታፈን ይሻግታል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይተው ቀስ አድርገው ሳብ ያድርጉት፤ አልወጣም ካለ ሥር ይዟል።