ሻንጣ ከማሰር በፊት ወረቀት ማንበብ

ከአገር ከወጣሁ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት በእኔም ሆነ በወዳጆቼ ላይ በመንገድ ከደረሰው እንግልት አብዛኛውን ያመጣው የገንዘብ እጥረት ወይም ክፉ ሰው አይደለም። በእጃችን ይዘነው ሳናነበው የቀረ ወረቀት ነው። ከዚህ በታች የምጽፍላችሁ እኔ ከፍዬ የተማርኩትን ነው፤ እናንተ ሳትከፍሉ እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

አባቴ ታሞ ልጠይቀው አዲስ አበባ ገብቼ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። የመመለሻ ትኬቴ «ማክሰኞ 00:40» ይላል። ማክሰኞን ሙሉ ቀን ስሰናበት ዋልኩ። ማታ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቡናው እስከ በረካ ተጠጥቶ፣ አባቴ አልጋው ላይ እንደተኛ መርቆኝ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ቦሌ ደረስኩ። መዝጋቢዋ ትኬቴን ተቀብላ ጣቷን ቀኑ ላይ አሳረፈችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ይህ በረራ እኮ ትናንት ሌሊት ሄዷል» አለችኝ። አዲስ ትኬት የገዛሁት ከወንድሜ ተበድሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ልማድ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ «የማክሰኞ ሌሊት» ስንል ማክሰኞ ከመሸ በኋላ ያለውን ሌሊት ማለታችን ነው። በትኬቱ ላይ ግን ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። 00:40 በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ሲሆን ሌሊቱም ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። ከቤት መውጣት የነበረብኝ ሰኞ ማታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትኬት በቆረጥኩ ቁጥር አውሮፕላኑ የሚነሳበትን ሳይሆን እኔ ከቤት የምወጣበትን ቀንና ሰዓት በአማርኛ እጽፋለሁ፦ «ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ከቤት መውጣት»። የሚያደርሰኝ ሰውም ያንኑ ጽሑፍ በስልኩ ይይዛል።

ስለ ስማችን ደግሞ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ቤተሰብ ሲጉላላ አይቻለሁና። ባለቤቴ የስድስት ዓመት ልጃችንን ይዛ ያለእኔ ተጉዛ ነበር። የድንበር ሹሙ ሁለቱን ፓስፖርቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ተራ በተራ አገላበጣቸው። የእሷ ስም ከአባቷና ከአያቷ ጋር ነው፤ የልጁ ስም ከእኔና ከአባቴ ጋር ነው። አንድም የሚገናኝ ቃል የለም። «ልጅሽ ከሆነ ስማችሁ ለምን አይመሳሰልም?» አላት። ከዚያ ወደ ልጁ ጎንበስ ብሎ «ይቺ ማን ናት?» ሲለው ልጁ ፈራና ፊቱን በእናቱ ቀሚስ ውስጥ ደበቀ። መልስ አልሰጠም። በዚያች ዝምታ የተነሳ ከአንድ ሰዓት በላይ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ።

ሹሙን አልወቅሰውም፤ ልጅ ሰርቀው የሚያሻግሩ ሰዎች በዚያው በር ያልፋሉ። ስለዚህ ከልጅ ጋር የሚጓዝ ወላጅ የእናትና የአባት ስም ያለበትን የልደት የምስክር ወረቀት በእንግሊዝኛ ትርጉም በእጁ ይያዝ። አንዱ ወላጅ ከቀረ፣ «ልጄ ከእናቱ ጋር እንዲጓዝ ፈቅጃለሁ» የሚል በውልና ማስረጃ ወይም በምትኖሩበት አገር ሕግ የተረጋገጠ ደብዳቤ ይጨመርበት። ልጁንም ቤት ሳላችሁ አለማምዱት፤ ስሙን፣ የእናቱን ስም፣ የአባቱን ስም ለማያውቀው ሰው መናገር ይልመድ። ለሹሙም «በአገራችን የቤተሰብ ስም የለም፤ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። መቆጣት ነገሩን ያስረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም።

የስም አጻጻፍም እንደዚሁ ነው። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በአራትና በአምስት መንገድ ሲጻፍ አይቻለሁ። ኃይለ ማርያም አንዱ ወረቀት ላይ አንድ ቃል፣ ሌላው ላይ ሁለት ቃል ይሆናል። ትኬት ሲቆረጥ ትክክለኛው አጻጻፍ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው፤ ስህተት ቢሆን እንኳ ስህተቱ እንዳለ ይገልበጥ። የአሜሪካ ቪዛችሁ ላይ በስማችሁ ቦታ «ኤፍ ኤን ዩ» የሚሉ ሦስት ፊደላት ካያችሁ ትርጉሙ «የመጀመሪያ ስም አልታወቀም» ነው። መንጃ ፈቃድና የባንክ ደብተር ላይ ሳይዛመት ቶሎ ማስተካከል ይሻላል።

የልደት ቀንንም ራሳችሁ ቁጠሩት። መስከረም 1 ቀን 1981 በአውሮፓውያን ሴፕቴምበር 11 ቀን 1988 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1980 ግን ሴፕቴምበር 12 ቀን 1987 ነው፣ ከዚያ በፊት የነበረችው ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች። ይህን የማያውቅ ተርጓሚ አንድ ቀን ይስታል። አንድ ቀን ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ማመልከቻ 11፣ በሌላው 12 ተብሎ ከተጻፈ መዝገቡ ሁለት ሰው ያደርጋችኋል።

አውሮፓ ላይ አውሮፕላን የምትቀይሩ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ባነሱት የአውሮፓ አገሮች) ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጣ ለመተላለፍ ብቻ እንኳ ቪዛ ይጠየቃል። የጸና የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ ያለው ከዚህ ነፃ ነው። የባሕረ ሰላጤ አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ግን አያድንም። ዱባይ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ይህን ሳያውቅ በጀርመን በኩል ወደ ብራዚል ሊሄድ ትኬት ቆርጦ፣ ከሚነሳበት አውሮፕላን ማረፊያ ሳያልፍ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ርካሹ ትኬት በማን በኩል እንደሚያልፍ ሳታዩ አትክፈሉ። የሌላ አገር ፓስፖርት ይዛችሁ ያለ ቪዛ ሸንገን የምትገቡትም ብትሆኑ የተፈቀደላችሁ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው። ለንደን ደርሶ መመለስ ቁጥሩን እንደ አዲስ አያስጀምረውም።

ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ በተለይ ወላጆቻችሁን ያመጣችሁ፣ ከአሜሪካ ውጭ ከአንድ ዓመት በላይ ለመቆየት ካሰባችሁ የመመለሻ ፈቃዱን ማመልከት ያለባችሁ ከመውጣታችሁ በፊት፣ እዚያው ሳላችሁ ነው። ዜግነት የቀየራችሁ ደግሞ የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት እንደማይፈቅድ ታውቃላችሁ፤ ቪዛ ሳትጠየቁ የምትገቡበት በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። ሰው ቢጫ ካርድ ይለዋል። የቢጫ ወባ ክትባት ደብተሩም ቢጫ ካርድ ስለሚባል «ቢጫ ካርድ ያዝ» ሲሏችሁ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁ። የክትባቱ ደብተር ከ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ አሥር ዓመት አልፎታል ብላችሁ አትጣሉት።

እናቴን ያመጣሁበት ጉዞ ሁሉንም አስተምሮኛል። ከአማርኛ ሌላ አትናገርም፣ አውሮፕላንም ተሳፍራ አታውቅም። ትኬቷን ስቆርጥ የዊልቸር አገልግሎት ጠየቅሁላት። በእግሯ ደህና ትሄዳለች፤ ነገር ግን ዊልቸሩን የሚገፋው ሠራተኛ ከአንዱ በር ወደ ሌላው፣ ከሹሙ መስኮት እስከ ሻንጣ መረከቢያው ድረስ አብሯት ይሆናል፤ ክፍያም የለውም። ቋንቋ የማይችሉ አዛውንት ሲጓዙ ከዚህ የሚበልጥ ረዳት አላየሁም። የደም ግፊት መድኃኒቷ ከነሐኪም ማዘዣው በእጅ ቦርሳዋ ገባ። ለልጅ ልጆቿ ያዘጋጀችውን ቋንጣና ንጥር ቅቤ ግን እህቴ ከሻንጣው አወጣችው። ሥጋና የወተት ውጤት ከእኛ አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት አይገባም፤ አሜሪካም በሥጋ ነገር ጥብቅ ነው፤ አውስትራሊያ ደግሞ ቅጹ ላይ ሳይገለጽ የገባ ምግብ ካገኘች እዚያው ትቀጣለች። በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና ብዙ ጊዜ ያልፋሉ፤ ቢሆንም ቅጹ ላይ «ምግብ ይዣለሁ» ብሎ መሙላት ይሻላል። እናቴ ስለ ቅቤው ሁለት ቀን ተቀይማኝ ነበር።

አንዲት ወረቀት ላይ አድራሻዬንና ስልኬን በትልልቅ ፊደል ጽፌ፣ «ልጄ በር ላይ እየጠበቀኝ ነው» የሚል በእንግሊዝኛ ጨምሬ ልኬላት ነበር። ከውስጥ በዊልቸር ስትመጣ አየኋት፤ ከኋላዋ የሚገፋት ወጣት እየሳቀ ነው። አቅፌ ከሳምኳት በኋላ የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና በቋጠሮው ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈችውን ወረቀት አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ሦስት ሰው ጠየቀኝ፤ ለሦስቱም ይህችኑ አሳየሁ» አለችኝ።