የእበት ክምር ከጉድጓድ ውሃ አጠገብ
«ክምሩ ከጉድጓዱ 8 ሜትር ነው፤ ውሃውን ማፍላት ይበቃል ወይ?» ላልከው፣ አይበቃም። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ከእበትና ከሽንት የሚሰርገውን ናይትሬት የሚባል ኬሚካል አያወጣም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውሃ ውስጥ ናይትሬቱ ይጠነክራል። ከ6 ወር በታች ሕፃን ካለ የዱቄት ወተት በሱ አትበጥብጡ።

1. ክምሩን ከጉድጓዱ ዝቅ ወዳለው ጎን፣ ቢያንስ 30 ሜትር አርቀው። ግቢህ ካልበቃ (የሐዋሳ ግቢ መቼም ይታወቃል) በየሳምንቱ ለአትክልት አልሚ አስጭነው።
2. ወለሉን ሊሾ አድርገህ ሸራ አልብሰው።
3. ውሃውን ለናይትሬት አስመርምር።

ብቻ እንደ እኔ ወደ መንገድ ቦይ እንዳትጠርገው። የመጀመሪያው ዝናብ አረንጓዴውን ጭቃ ጎረቤት በር ላይ ደፋው፤ የተረፈው ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ወረደ። ሐይቁ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም።