ማነቆው ከውስጥ ነው ከውጭ?

ኮምቦልቻ ውስጥ የሶፍትዌር ድርጅት ያላቸው አንባቢ ረጅም ዝርዝር ልከዋል። ገንዘብ የለም፣ መብራት ይጠፋል፣ ጎበዝ ልጆች አዲስ አበባ ይሄዳሉ፣ የደሴ ነጋዴ አዲስ ነገር አይቀበልም። "አዲስ ሥራ እንዳንሠራ የያዘን ይሄ ነው፤ እንዴት ልከፋፍለው?" ይላሉ።

መጀመሪያ የውስጡንና የውጩን ይለዩ። መብራት ከውጭ ነው፤ ስብሰባ ቢቀመጡበት አይበራም፣ ጄኔሬተር ወይም ባትሪ ይፈልጋል። የሠራተኛ መልቀቅ ግን ከሁለቱም ወገን ነው። የሄዱት ለደሞዝ ነው ወይስ ሐሳባቸውን የሚሰማ አጥተው? ደውለው ይጠይቋቸው።

ቀጥሎ እኔ ከሁሉም የማስበልጠው መለያ አለ። አጥኚዎች ሥራ ከተጀመረ በኋላ የሚገጥመውን እንቅፋት፣ ገና ሳይጀመር ከሚያስቀረው ይለያሉ። የመጀመሪያው የሚገጥመው የሚሠራን ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም መውጫ ይገኝለታል። ሁለተኛው ክፉ ነው፤ ሳይሞከር ያስቀራል። "ነጋዴው አይቀበልም" ያሉትን በዚህ ይፈትኑት። ሰኞ ገበያ ወርደው ለስንት ባለሱቅ አሳዩ? ለማንም ካላሳዩ የገበያ ችግር ብለው አይጻፉት። የመረጃ እጥረት ነው፤ እሱም ከውስጥ ነው።

ገንዘብንም ቶሎ አይክሰሱ። የአሜሪካው የፎቶ ፊልም ኩባንያ ኮዳክ ገንዘብም እውቀትም ነበረው። መሐንዲሱ ስቲቨን ሳሰን በ1975 እ.ኤ.አ. ዲጂታል ካሜራ ሠርቶ አሳያቸው። የኩባንያው እንጀራ ግን ፊልም ነበርና አለቆቹ አልደፈሩም። በ2012 እ.ኤ.አ. ኮዳክ በኪሳራ ሕግ ከለላ ጠየቀ። ይሄን ማነቆ ማንም ከውጭ አላመጣባቸውም።

የደሴ ፒያሳ አንባቢ፦ "ማነቆዎቹን ለመመዝገብ ልዩ ፕሮግራም ልግዛ?"

አይግዙ። ኤክሴል ይበቃል፤ ደብተርም ይሆናል።

"አለቃዬ ያቀረብኩትን ሁሉ እምቢ ይላል፤ ልልቀቅ?"

በቃል ማቅረቡን ተወው። አንድ ገጽ ጽፈህ ስጠው፤ እምቢ ሲል ምክንያቱን ጠይቅ። ስለ መልቀቁ ቤተሰብህን አማክር።

አንዲት የኮምቦልቻ ተማሪ መተግበሪያ ሠርታለች። እንዳይሰረቅባት ለማንም አላሳየችም፤ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ትፈልጋለች።

እህቴ፣ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከፓተንት ውጭ አድርጎታል። የሚጠብቅሽ የቅጂ መብት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996። እሱም የጻፍሽውን ኮድ እንጂ ሐሳቡን አይጠብቅም። ስለዚህ ደብቀሽ መያዝሽ ራሱ ማነቆ ሆኖብሻል፤ ተጠቃሚ ሳያየው መተግበሪያ አይሻሻልም። አውጪው፣ አሳዪው። አጋር ወይም ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ውል ይዞ ከመጣ ግን እኔን አትስሚኝ። ሳትፈርሚ ጠበቃ ጋ ሂጂ። የኮዱ ባለቤት ማን እንደሚሆን በጽሑፍ ካልተለየ፣ ዘመድም ቢሆን አትፈርሚ።