የማይሞላው ዳማ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አዳማ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ፤ ዕድሜዬ 43 ነው። ትምህርት ያቋረጥኩት ከ8ኛ ክፍል ነው፤ ሒሳብ ሲባል ራሴን ያዞረኝ ነበር። በቀደም የእህቴ ልጅ አንድ እንቆቅልሽ አመጣብኝ። የዳማ ሰሌዳ 64 ቤት አለው። በሰያፍ የሚተያዩት ሁለቱ የማዕዘን ቤቶች ሲወጡ 62 ይቀራል። ሁለት ሁለት ቤት በሚሸፍኑ 31 የካርቶን ቁራጮች ሁሉንም ሸፍን አለኝ። ሦስት ቀን ሞከርኩ። ቢሳካልኝ ቢሳካልኝ ሁለት ቤት ይቀረኛል። በአራተኛው ቀን ተራ እየጠበቅኩ ሳስበው፣ የሚቀሩኝ ሁለቱ ሁልጊዜ ጥቁር ናቸው! የወጡት ደግሞ ሁለቱም ነጭ። አንድ ካርቶን የትም ቢቀመጥ የሚይዘው አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ነው። ታዲያ 30 ነጭ ከ32 ጥቁር ጋር እንዴት ይጣመራል? ለካ አይቻልም! ብቻዬን ጮህኩ፤ እንባዬም መጣ። ሳንቲም ላላገኘሁበት ነገር እንዲህ መሆኔ ምን ነክቶኝ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንም አልነካዎትም። ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት፤ በጣም ደስ አለኝ።

ይኸው እንቆቅልሽ እኔን ያገኘኝ ተማሪ ሳለሁ ነው። መብራት በጠፋበት ማታ አንድ ጓደኛዬ ጠየቀኝ። በክብሪት ቀፎ ስንሞክር አመሸን። የገባኝ በማግስቱ ሸሚዝ ሳጥብ ነው። እጄ ላይ አረፋው እንዳለ ወደ መኝታ ክፍላችን ሮጥኩ። ሸሚዙ ባልዲው ውስጥ እንደተዘፈዘፈ አደረ።

ያስለቀሰዎት ምን እንደሆነ የገዛ ቃልዎ ይናገራል። ሦስት ቀን ሙሉ ሲሉ የነበሩት «አልቻልኩም» ነው። በአራተኛው ቀን «አይቻልም» አሉ። የመጀመሪያው ስለ እርስዎ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሰሌዳው። ከእንግዲህ ፕሮፌሰርም ይምጣ ኮምፒውተር ያንን ሰሌዳ አይሞላውም፤ ይህንንም እርግጠኛ ሆነው ያውቃሉ። ማንም አልነገረዎትም። ጥያቄው ውስጥ ስለ ቀለም አንዲት ቃል የለችም፤ ቀለሙን ያመጡት እርስዎ ነዎት። በሒሳብ ቋንቋ ይህ ማረጋገጫ ይባላል። ሒሳብ ማለትም ይኸው ነው።

ጥያቄውን ፈላስፋው ማክስ ብላክ በ1946 እ.ኤ.አ. አቅርቦት ነበር። በ1964 ደግሞ የኮምፒውተር ሊቁ ጆን ማካርቲ ለማሽን ከባድ ፈተና ይሆናል ብሎ አነሳው። ማሽኑን የሚያስቸግረው ያችን የቀለም ነገር ከራሱ ማምጣቱ ነው።

ለ28 ዓመት ሒሳብ ሳስተምር እንዲህ ዓይነት ደስታ ክፍል ውስጥ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ ነው። ደወሉ ሳይደወል እንጨርስ ብለን መልሱን ቶሎ እንጽፈዋለን። የእህትዎ ልጅ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አለ። ውለታው ትልቅ ነው፤ አመስግኑልኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ልስጥዎት። ከሙሉው ሰሌዳ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ቤት ያውጡ፤ ከፈለጉበት ቦታ። 31 ነጭና 31 ጥቁር ይቀራል። የትኞቹም ሁለቱ ቢወጡ ሁልጊዜ መሸፈን ይቻላል? ራልፍ ጎሞሪ የተባለ የሒሳብ ሰው የደረሰበትን ብልሃት ጫፉን ብቻ ላሳይዎ፦ በ64ቱም ቤት አንድ አንድ ጊዜ አልፎ፣ ወደ ጎንና ወደ ላይ ወደ ታች ብቻ እየሄደ፣ መነሻው ላይ የሚገጥም አንድ መንገድ በእርሳስ ይሥሩ። ከዚያ መንገዱን ትክ ብለው ይዩት።

ለልጁ ይህን ፍንጭ እንዳይነግሩት። ሲያገኙት ይጻፉልኝ፤ የት ቆመው እንዳገኙትም ጭምር።