የጀልባዬ ሞተር ይውረድ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባህር ዳር ላይ ጀልባ አለኝ። ቱሪስትና ተሳላሚ ወደ ዘጌ፣ አንዳንዴም እስከ ደቅ ደሴት አመላልሳለሁ። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ ነው። ከሁለት ወር በፊት ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ያፈስ ስለነበር መካኒኬ አውርዶ በሲልኮን አሸገልኝ፣ ዘይቱንም ቀየረ። በቅርቡ ወንድሜ ዘይቱን አዲስ አበባ ወስዶ አስመረመረልኝ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል (ከብረት እስከ ሶዲየም ያሉት ከሚሊዮን እጅ ነው)፦ ብረት 41፣ አሉሚኒየም 3፣ ክሮም 1፣ መዳብ 8፣ እርሳስ 3፣ ሲሊከን 38፣ ሶዲየም 4፣ ውሃ የለም፣ ናፍጣ 4.5 በመቶ፣ ውፍረት 11.4። ዘይቱ 15/40 ነው፤ 220 ሰዓት ሠርቷል። መካኒኬ ሲሊከኑን አይቶ «አቧራ ገብቷል፣ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ። ሞተሩ ግን ዘይት ጨርሶ አይበላም፤ እንዲያውም መለኪያው ላይ ከፍ ብሎ ነው የማገኘው። ጥምቀት እየደረሰ ነው፣ ሥራ ይበዛል። ምን ይሻለኛል?
የጀልባ ባለቤት፣ ከባህር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ወረቀት የተነሳ ሞተሩን አታውርድ። ሞተሩ ደህና ነው ማለቴ ግን አይደለም። የሚያስፈራው ቁጥር ሌላ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አላነሳልህም።

ከሲሊከኑ እንጀምር። ሲሊከን አሸዋና አቧራ ውስጥ አለ፤ ስለዚህ መካኒክህ አቧራን የጠረጠረው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ግን አቧራ ሞተር ውስጥ ሲገባ ብቻውን አይታይም። በካሚቻ (ፒስቶኑ በሚመላለስበት የሲሊንደር ግድግዳ) እና በፋሻ መሀል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ፒስቶኑ ሲፋቅ አሉሚኒየም ይነሳል። ፋሻው ሲበላ ክሮም፣ ካሚቻው ሲበላ ብረት ይነሳል። አንተ ጋ አሉሚኒየም 3፣ ክሮም 1 ነው። ብረቱን፣ 41ን ለ220 አካፍለው፤ በሰዓት ከ0.2 በታች ነው። ይህ ፋሻው ያለቀ ሞተር ቁጥር አይደለም። ታዲያ 38ቱ ሲሊከን ከየት መጣ? ከኮፓው ማሸጊያ ነው የምለው። ሲልኮን የሚሠራው ከሲሊከን ነው፤ አዲስ ሲቀባ ወደ ዘይቱ ይለቃል። ዘይት በተቀየረ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። የአየር ፊልትሮውንና ቱቦውን አንዴ ፈትሽ፣ አይከፋም። ከዚያ በላይ ግን አትጨነቅ። በእንዲህ ዓይነት ምክንያት ደህና ሞተር ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ ሳይ በጣም ያናድደኛል። አንዴ የተፈታ ሞተር እንደ ነበረው ተመልሶ የሚገጠመው ስንት ጊዜ ነው?

መዳብና እርሳስ ስለ ብሮንዚና (ኮሎው፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ስለሚዞርበት ማረፊያ) ይናገራሉ። ያንተዎቹ ዝቅተኛ ናቸው። እስካሁን።

«እስካሁን» ያልኩት በናፍጣው ምክንያት ነው። ደብዳቤህን ሳነብ ያስደነገጠኝ «ዘይት አይበላም፣ እንዲያውም ከፍ ይላል» ያልከው ነው። የሞተር ዘይት በራሱ አይጨምርም ወንድሜ! ከፍ ካለ የሆነ ነገር እየገባበት ነው፤ ወይ ውሃ ወይ ናፍጣ። ወረቀቱ ውሃ የለም ብሏል። ናፍጣው 4.5 በመቶ ነው፤ ብዙዎች 5 ሲደርስ አደጋ ነው ይላሉ፣ እኔ ከ2 ሲያልፍ ነው መፈለግ የምጀምረው። ውፍረቱም ይመሰክራል። አዲስ 15/40 ዘይት በ100 ዲግሪ ሙቀት 14 ወይም 15 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ደረጃው 40 ለመባል ከ12.5 መውረድ የለበትም። ያንተው 11.4 ገብቷል፤ ማለትም 40 ገዝተህ በ30 እየሄድክ ነው። በኮሎውና በብሮንዚናው መሀል ያለው የዘይት ሽፋን ሳስቷል። እንዲህ ከቀጠለ በሚቀጥለው ወረቀት ላይ እርሳሱና መዳቡ ይወጣሉ። ያን ጊዜ «ይውረድ» የሚለው መካኒክህ ትክክል ይሆናል።

ናፍጣው በብዛት የሚመጣው ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ ከሚረጨው ከኖዝል ነው። በደንብ የማይረጭና የሚያንጠባጥብ ኖዝል ያልተቃጠለ ናፍጣ በካሚቻው ግድግዳ ወርዶ ኮፓ ውስጥ ይገባል። አራቱንም አስወጣና ኖዝል ቤት አስፈትሽ፤ ሲረጭ ቆመህ እይ። እንደ ጭጋግ መውጣት አለበት፤ ጫፉ ላይ ጠብታ ከተንጠለጠለ እሱ ነው። ናፍጣ የሚስበውን ትንሹን ፓምፕም አትርሳ። ዲያፍራም (ስስ የሚተጣጠፍ ሽፋን) ያለው ዓይነት ከሆነ፣ ሲቀደድ ናፍጣውን በቀጥታ ወደ ዘይት ይልከዋል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ተሳፋሪዎቹ ገዳም ሲሳለሙ ሞተሩን በሚኒሞ (ሳይጠፋ በዝቅተኛ ዙር) ትተወዋለህ? ብዙ ጀልባ ነጂዎች ያደርጉታል፤ ባትሪያቸውን አያምኑትማ። በሚኒሞ ሲቆይ ሞተሩ በቂ ሙቀት አያገኝም፣ ናፍጣውም በደንብ አይነድም። አጥፋው። ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ሳሳ ይላል። ለኖዝሎቹ ናፍጣ የሚሰጠው ዋናው ፓምፕ ለባሕር ወደብ ከፍታ እንደተስተካከለ ከመጣ፣ አየሩ ሊያቃጥለው ከሚችለው በላይ ናፍጣ ይሰጣል። ኖዝል ቤት ስትሄድ ይህንንም ንገራቸው።

ስለ ሶዲየሙ አንድ ነገር ልጨምር። ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ላይ የሚሠራ ጀልባ የባሕር ውሃ ዘይቱ ውስጥ ከገባ ሶዲየሙ ወዲያው ይጮሃል። የጣና ውሃ ጨው የለውም፤ ስለዚህ ሶዲየሙ ዝቅ አለ ብለህ ውሃ አልገባም አትበል። ወረቀቱ ላይ «ውሃ» የሚለውን መስመር ራሱን ተመልከት። ቤትህም ልትሞክረው ትችላለህ። የጋለ ምጣድ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጣል፤ ከተንጣጣ ውሃ አለበት። ናፍጣ ያለበት ዘይት እሳት ሊይዝ ይችላልና ከጠብታ አትለፍ፣ ፊትህንም አርቅ።

ይህ የላቦራቶሪ የዘይት ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የአሜሪካ ባቡር ኩባንያዎች የናፍጣ ሎኮሞቲቮቻቸውን ሳይፈቱ ለማወቅ የጀመሩት ነው። የጠቀማቸው ከአንዱ ሎኮሞቲቭ ዘይት ደጋግመው መቅዳታቸው ነው። አንድ ወረቀት እንደ ናፍጣው ያለ ግልጽ ችግር ያሳይሃል፤ የሞተሩን እርጅና ግን የሚነግርህ ሦስተኛውና አራተኛው ነው። የምርመራው ማሽንም የሚያየው በጣም ደቃቁን ብናኝ ብቻ ነው። በዓይን የሚታይ ስብርባሪ ቢኖር ወረቀቱ ላይ አይወጣም፤ ፊልትሮው ውስጥ ነው የሚቀረው። ስለዚህ አሮጌውን የዘይት ፊልትሮ ቅደደውና የውስጡን ወረቀት ዘርግተህ በማግኔት ዳብሰው። በመጋዝ ግን አትቁረጠው፣ የመጋዙ ብናኝ ያሳስትሃል።

እንግዲህ ከጥምቀት በፊት ኖዝሉን አሠራ፣ ዘይትና ፊልትሮ ቀይር። 50 ሰዓት ያህል ስትሠራ እንደገና ቅዳ። ሞተሩ ገና ሲጠፋ፣ ዘይቱ ትኩስ እያለ፣ በመለኪያው ቀዳዳ በንጹሕ ቱቦ ከመሀል ሳበው፤ ከኮፓው ሥር የዘቀጠውን አትውሰድ። ጠርሙሱ ላይ የሞተሩን ሰዓት፣ የዘይቱን ሰዓትና መሀል ላይ የጨመርከውን ዘይት ጻፍበት። ሁለተኛው ወረቀት ሲደርስህ ከመጀመሪያው ጋር አብረህ ላክልኝ።